የኤሬሽን ቁጥጥር ምንድን ነው? የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ መብራቱን የሚጨርሰው የት ነው?

ከቤት፣ ከሆቴልና ከፋብሪካ የወጣ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሲገባ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ማሽን አይደለም። ባክቴሪያ ነው። በዓይን የማይታዩት እነዚህ ተሕዋስያን ፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ እየበሉ ይራባሉ። አሞኒያውን ወደ ናይትሬት የሚለውጡም አሉ። በመጨረሻ ወደ ታች ይዘቅጡና ከላይ የጠራው ውሃ ይወጣል። ለዚህ ሁሉ ልፋት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ኦክስጅን።

ኦክስጅኑን የምንሰጣቸው ከገንዳው ሥር አየር እየነፋን ነው። ይህ ሥራ ኤሬሽን ይባላል። የትኛው ገንዳ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ያህል አየር ያግኝ የሚለውን የሚወስነው ሥርዓት ደግሞ የኤሬሽን ቁጥጥር ነው። ኦክስጅኑን የሚለካ ሴንሰር አለበት፣ አየሩን የሚያከፋፍል ቫልቭ አለበት፣ አየሩን የሚገፋ ብሎወር አለበት። በመካከላቸው ሆኖ ትእዛዝ የሚሰጥ ፕሮግራምም አለ።

ይኼ ምን ያስጽፋል ካላችሁ፣ ቆጣሪውን እዩ። በዚህ ዘዴ የሚሠራ ጣቢያ አንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ ለማጣራት በአብዛኛው ከ0.3 እስከ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። ከዚያ ውስጥ ግማሹ፣ ብዙ ጊዜም ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ለአየር ነው የሚሄደው። ፓምፑ፣ የዝቃጭ መጭመቂያው፣ የቢሮው ኮምፒውተር ሁሉ ተደምሮ ብሎወሮቹን ላያክል ይችላል።

ዘዴው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1914 ኤድዋርድ አርደርን እና ዊልያም ሎኬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኬሚስቶች የማንችስተርን ፍሳሽ ይዘው ሙከራቸውን ይፋ አደረጉ። ፍሳሹ ላይ አየር ሲነፉበት መጀመሪያ አሞኒያው ተለውጦ እስኪያልቅ አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ከዚያ የጠራውን ውሃ ደፍተው ዝቃጩን ግን አስቀሩና አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይህንኑ ሲደጋግሙ ጊዜው እያጠረ እያጠረ ሄዶ በሰዓት የሚቆጠር ሆነ። ያልደፉት ዝቃጭ በባክቴሪያ የተሞላ ነበር። ዛሬ አክቲቬትድ ስላጅ የምንለው ይኸው ነው። የመብራቱም ዕዳ ያኔ ነው የተጀመረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አየር ሲያንስ ሁሉም ሰው ያውቃል። ገንዳው ይሸታል፣ ላብራቶሪው መጥፎ ቁጥር ያመጣል፣ አለቃ ይደውላል። አየር ሲበዛ ግን ማንም አያውቅም። ውሃው ይጠራል፣ ሽታ የለም፣ ኦፕሬተሩ ተረጋግቶ ቡናውን ይጠጣል። የሚጮኸው የወሩ የመብራት ሂሳብ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ፋይናንስ ክፍል ይሄዳል እንጂ ኦፕሬተሩ ጋ አይደርስም። ሰው ደግሞ የሚፈራው የሚያስቀጣውን ነው። ስለዚህ ብሎወሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መተው የየትም አገር ልማድ ነው። እኔ በኦፕሬተሩ አልፈርድም። በትክክለኛው መጠን እንዲሠራ ሳይሆን ለደኅንነቱ ሲል እንዲያበዛ ያስገደደው ዲዛይኑ ነው። ጥሩ የኤሬሽን ቁጥጥር የሚፈታው ችግር በአብዛኛው ይኼ ነው፤ ማንም የማያየውን ትርፍ አየር።

ትርፉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ጠጋ ብለን እንቁጠረው። ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ጣሪያው ይኼ ነው። ኦክስጅን ከአየር አረፋው ወደ ውሃው የሚገባበት ፍጥነት ደግሞ በጣሪያውና አሁን ውሃው ውስጥ ባለው መጠን ልዩነት ይወሰናል። ገንዳው ውስጥ 2 ሚሊግራም ከያዝን ልዩነቱ 7 ነው። 4 ከያዝን 5 ብቻ ይቀራል። ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት ያው ሆኖ ሳለ፣ 4 ላይ ለመቆየት የአየሩ መጠን በ40 በመቶ መጨመር አለበት። በዚያ 40 በመቶ የሚገኝ ተጨማሪ ሥራ ከሞላ ጎደል የለም። ብዙ ጣቢያ 2 ሚሊግራም ላይ በደንብ ይሠራል።

ይህንኑ ስሌት አዲስ አበባ እናምጣው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ጣሪያውም ወደ 7 ይወርዳል። 2 ስንይዝ ልዩነቱ 5፣ 4 ስንይዝ 3 ነው። እዚህ የሚጨመረው አየር 40 በመቶ መሆኑ ይቀርና 67 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ የውሃው ግፊት ጣሪያውን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ፍሳሽም እንደ ንጹሕ ውሃ አይደለም። አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ጣቢያ የሚያባክነው የሚያስቆጭ ከሆነ፣ ደጋ ላይ ያለው ዓይን ያወጣ ነው።

ከፍታው ብሎወሩንም ያስቸግራል። የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ያንኑ ያህል ኦክስጅን ለማግኘት በመጠን ሲሶ ያህል ጨምሮ መሳብ አለበት። የኤሌክትሪክ ሞተሮችም አቅማቸው የሚጻፈው በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ ስሱ አየር እንደ ልብ አያቀዘቅዛቸውም። ስለዚህ ካታሎጉ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ለደጋ ከተማ ማሽን ማዘዝ ገና ከጅምሩ መሳሳት ነው።

አየሩ ብሎወሩን ከለቀቀ በኋላ በቧንቧ ወርዶ ዲፊውዘር ከሚባሉት ጎማ ሳህኖች ይወጣል። ጎማው ላይ በጣም ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። አረፋው ደቃቅ በሆነ ቁጥር ውሃውን የሚነካው ገጽ ይሰፋል፣ ኦክስጅኑም በደንብ ይገባል። በንጹሕ ውሃ ደቃቅ አረፋ በየአንዱ ሜትር ጥልቀት ከያዘው ኦክስጅን 6 በመቶ ገደማ ያስረክባል። ትልልቅ አረፋ ቶሎ ወደ ላይ ስለሚሮጥ የዚያን ግማሽ እንኳ ላያስገባ ይችላል።

ፍሳሽ ውስጥ ግን ሳሙና አለ። ሳሙና የአረፋውን ገጽ ስለሚሸፍነው ደቃቅ አረፋ በንጹሕ ውሃ የሚሰጠውን ግማሽ ብቻ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች፣ እንዲሰጥ ያደርገዋል። ጣጣው ደግሞ ሰዓቱ ነው። ሰው ጠዋት ይታጠባል፣ ልብስም ያጥባል። ብዙ ቆሻሻ የሚመጣውና ብዙ ሳሙና የሚመጣው አንድ ላይ ነው። ባክቴሪያው አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት አየሩ አሳንሶ ይሰጣል። በሌሊት ተቃራኒው ይሆናል፤ ጭነቱ ይቀንሳል፣ አየሩም ይቀናዋል። በቀንና በሌሊት የሚያስፈልገው የአየር መጠን ሰፊ ልዩነት ያለው አንድም በዚህ ነው። ብሎወሩን ለጠዋቱ አስተካክሎ ሃያ አራት ሰዓት መተው ሌሊቱን ሙሉ ገንዘብ መንፋት ነው።

እንግዲህ ቁጥጥሩ እንዴት ይሠራል? ዝቅተኛው ደረጃ የሰዓት ቆጣሪ ነው። ጠዋት ሁለት ብሎወር፣ ሌሊት አንድ። ይኼ እንኳ ከምንም ይሻላል። ቀጣዩ ደረጃ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በሴንሰር እየለኩ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊግራም አካባቢ ማቆየት ነው። ከተመደበው ሲወርድ አየር ይጨመራል፣ ሲያልፍ ይቀነሳል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ገንዳዎቹ ሦስት ሆነው ከአንድ ዋና ቧንቧ ሲቀዱ ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

አንደኛው ገንዳ ኦክስጅኑ በዛና ቫልቩ ትንሽ ተዘጋ እንበል። ዋናው ቧንቧ ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ያ ትርፍ አየር ወደ ሁለቱ ገንዳዎች ይሄዳል፣ የእነሱም ኦክስጅን ከፍ ይላል፣ እነሱም ይዘጋሉ። ብሎወሩ ግፊቱን አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አሁን ሦስቱም አነሳቸው፣ ሦስቱም ይከፈታሉ፣ ብሎወሩ እንደገና ይሮጣል። ቫልቮቹ ቀኑን ሙሉ ሲከፈቱና ሲዘጉ ይውላሉ። የቫልቩ ሞተር ይቃጠላል፣ ኦፕሬተሩ ይሰለቻል፣ በመጨረሻ ሁሉንም ወደ ማንዋል ይቀይረዋል። አውቶማቲክ ተብሎ የተገዛ ስንት ሥርዓት በዚህ መንገድ ማንዋል ሆኖ ቀርቷል።

መፍትሔው ሥራውን መከፋፈል ነው። ኦክስጅኑን የሚያየው ክፍል በዝግታ ያስባል፤ በየደቂቃዎቹ «ይህ ገንዳ በሰዓት ይህን ያህል ሜትር ኩብ አየር ይገባዋል» ብሎ ይወስናል። ቫልቩን የሚያዘው ሌላ ክፍል ደግሞ የአየሩን ፍሰት በሜትር እየለካ ያንን መጠን በፍጥነት ያደርሳል። ቧንቧው ውስጥ ግፊት ቢለዋወጥ ፈጣኑ ክፍል ወዲያው ያስተካክለዋል፣ ዝግተኛው ሳይደናገጥ። ከተመደበው ቁጥር ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲልም ዝም ማለት ያስፈልጋል። 1.9 እና 2.1 ለባክቴሪያው አንድ ናቸው።

ሌላው ብልሃት የቧንቧውን ግፊት ይመለከታል። የቆዩ ሥርዓቶች ግፊቱን አንድ ቁጥር ላይ አስረው ቫልቮቹን ግማሽ ዘግተው ይሠራሉ። ይኼ ነዳጅ እየረገጡ ፍሬን እንደመያዝ ነው። የተሻለው ፕሮግራም ሁልጊዜ ከቫልቮቹ አንዱ፣ አብዝቶ አየር የሚፈልገው ገንዳ ቫልቭ፣ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ክፍት እንዲሆን ያደርጋል። የቧንቧውንም ግፊት እዚያ ድረስ ዝቅ ያደርገዋል። የሚገዛ ዕቃ የለውም። የፕሮግራም ለውጥ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ በአሞኒያ መቆጣጠር ነው። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.57 ግራም ኦክስጅን ይጠይቃል። ታዲያ አሞኒያው አልቆ ሳለ ኦክስጅኑን 2 ላይ ማቆየት ለምን? በመውጫው በኩል አሞኒያ የሚለካ መሣሪያ ይቀመጣል። አሞኒያው ዝቅ ሲል ፕሮግራሙ የኦክስጅኑን ዒላማ ራሱ ያወርደዋል፣ ከፍ ሲል ይመልሰዋል። አየሩ ሲቀንስ ሌላም ጥቅም ይመጣል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ ከናይትሬቱ ላይ ይወስዳሉ። በዚህ መንገድ ከእያንዳንዱ ግራም የናይትሬት ናይትሮጅን 2.86 ግራም የሚያክል ኦክስጅን ይመለስልናል። በነጻ።

ስለ ብሎወር ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። «ቪኤፍዲ (የሞተርን ፍጥነት የሚቀያይር መሣሪያ) ግጠምና ፍጥነቱን በግማሽ ቀንስ፣ መብራቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ይህ ሕግ ግፊቱ ከፍሰቱ ጋር አብሮ ለሚወርድበት ማራገቢያ ይሠራል። ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ግን አየሩ የሚገፋው 5 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከሆነ፣ አየሩ ቢቀንስም ባይቀንስም ያ ውሃ እዚያው ነው። ግፊቱ ብዙም አይወርድም። ቁጠባው በግምት ከቀነሰው አየር ጋር እኩል ይሄዳል። በግማሽ ቀነስክ፣ ወደ ግማሽ ተጠጋህ። ይኼም ትልቅ ነገር ነው፣ ማጋነን አያስፈልገውም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ብሎወሩ ምን ያህል ዝቅ ማለት ይችላል? ጣቢያ የሚሠራው ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሕዝብ ነው። መንደሩ ገና ሳይሞላ፣ ሌሊት ላይ፣ የሚመጣው ፍሳሽ ከታሰበው ትንሽ ቁራጭ ነው። ሁለት እኩል ግዙፍ ብሎወር ከተገዛ አንዱ በዝቅተኛው ፍጥነት እንኳ ከሚያስፈልገው በላይ ይነፋል። በተለይ ቱርቦ የሚባሉት ብሎወሮች ከተወሰነ ፍሰት በታች ሲወርዱ አየሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያንገጫግጫቸዋል። ማሽኑ እንዳይጎዳ ትርፉን አየር ወደ ውጭ ይለቃሉ። በመብራት የተጨመቀ አየር ወደ ሰማይ! ከሁለት ግዙፍ ይልቅ አንድ ትንሽ የተጨመረበት፣ መጠናቸው የተለያየ ሦስት ብሎወር ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ሴንሰሩ ደግሞ የጠቅላላው ሥርዓት ዓይን ነው፣ ሲቆሽሽ ይዋሻል። አተላው በላዩ ሲያድግ በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ከፊቱ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ሴንሰሩ ከእውነቱ ያነሰ ያነባል፣ ብሎወሩም ያለምክንያት ይሮጣል። አረፋ ከሥሩ ከተጠራቀመ ደግሞ አብዝቶ ያነባል፣ ገንዳው ሳይታወቅ ይታፈናል። በብርሃን የሚለኩት አዳዲሶቹ ሴንሰሮች ከድሮዎቹ ኤሌክትሮዶች ያነሰ ጣጣ አላቸው፣ ግን እነሱም መጠረግ አለባቸው። ሴንሰሩን ለማውጣት ሰው ገንዳው ላይ መንጠልጠል ካለበት አይጠረግም። መደገፊያው በአንድ እጅ ተጎትቶ የሚወጣ መሆን አለበት። ይኼ በስዕል ላይ የሚረሳ ትንሽ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከፕሮግራሙ እኩል አየዋለሁ።

ዲፊውዘሩም ይደፈናል። ውሃ ሥር ስለሆነ አይታይም። የሚታየው ግፊቱ ነው። በዚያው የአየር መጠን የቧንቧው ግፊት ከወር ወር እየጨመረ ከሄደ ጎማው እየደነደነ ወይም እየተደፈነ ነው ማለት ነው። በአሲድ ይታጠባል፣ ካልሆነ ይቀየራል።

መቆጠቡም ወሰን አለው። ኦክስጅኑ በጣም ከወረደ ክር የሚመስሉ ባክቴሪያዎች ይበዙና ዝቃጩ አልዘቅጥ ይላል። ናይትረስ ኦክሳይድም ሊጨምር ይችላል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ገደማ የበለጠ ምድርን ያሞቃል። መብራት ቆጥቦ እሱን መልቀቅ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። አየሩ ደግሞ ገንዳውን የማማሰል ሥራም ስላለበት ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ዝቃጩ እዚያው ይተኛል።

ይህን ሁሉ አሟልተው የሠሩ አሉ። በኦስትሪያ ቲሮል፣ ስትራስ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሚጠቀመው መብራት 108 በመቶ ራሱ አመንጭቷል። ከዝቃጩ ባዮጋዝ ያወጣል፣ ኤሬሽኑን በአሞኒያ ይቆጣጠራል። በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ያለው ማርሴሊስቦርግም እንዲሁ ከሚበላው በላይ ያመነጫል። ሁለቱም ቦታ ባዮጋዙ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ መጀመሪያ የአየሩ ፍጆታ መውረድ ነበረበት።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ የተስፋፋው የቃሊቲ ጣቢያ መጀመሪያ ፍሳሹን ያለ አየር በሚሠሩ ባክቴሪያዎች ያሳልፈዋል። ከዚያ አየር ራሱ እያለፈ በሚያናፍሰው ማጣሪያ ላይ ያንጠባጥበዋል። እንዲህ ያለ ምርጫ የብሎወርን ሂሳብ ከሥሩ ያቃልለዋል። በኮንዶሚኒየም መንደሮች አጠገብ ያሉት ሜምብሬን (ውሃውን የሚያጣራ ስስ ወንፊት) ያላቸው ትንንሽ ጣቢያዎች ግን በአየር ነው የሚኖሩት። ከባክቴሪያው ሌላ ሜምብሬኑን ለማጽዳትም አየር ይጠይቃሉ። ቁጥጥሩ አብዝቶ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

እዚያ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ሲሄድ ኦክስጅኑ ዜሮ ይገባል። ፕሮግራሙ እየሠራ ከቆየ «አነሰ፣ አነሰ» እያለ ትእዛዙን ሲቆልል ይቆያል። መብራቱ ሲመጣ ቫልቮቹ ሁሉ ይከፈታሉ፣ ብሎወሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳሉ፣ ጄኔሬተር ላይ ከሆነ ጄኔሬተሩ ይጠፋል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ቁጥሩ መቆለሉን እንዲያቆም፣ ሲመጣም ብሎወሮቹ ተራ በተራ እንዲነሱ ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት። ሴንሰር ሲበላሽ ሥርዓቱ በምን እንደሚሠራም እንዲሁ፤ ለምሳሌ በየሰዓቱ በተመደበ የአየር መጠን።

ጨረታ ለምታወጡ መሐንዲሶች አንድ ነገር ልጨምር። ሰነዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከፍተኛው የአየር መጠን ነው። ዝቅተኛውንም ጻፉ፤ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጣቢያው ከፍታ። ርክክቡ ላይም አቅራቢው ያንን ቁጥር በቆጣሪ ለክቶ እንዲያሳይ ጠይቁ።